ግጥም ሰጪ ያጣ ማሲንቆ

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አንዲት ትንሽ እንጀራ ቤት አለች። መጀመሪያ የምሄደው ለእንጀራው ነበር። አሁን እውነቱን ለመናገር የምሄደው ለማሲንቆው ነው። ባለቤቱ ጎንደሬ ናቸው፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስተው ሊጡን ያያሉ፣ ምጣዱን ይሰካሉ፣ ጋግረው ሲጨርሱ በላስቲክ እያሸጉ ለሱቆች ያደርሳሉ። ቅዳሜ ማታ ደግሞ ጠረጴዛዎቹን ወደ ግድግዳ ያስጠጉና ማሲንቆውን ከተሰቀለበት ያወርዳሉ።

አገር ቤት ቢሆኑ ወደ ምጣድ ማን ያስጠጋቸው ነበር? እዚህ ግን ኪራዩም፣ ኢንሹራንሱም፣ ታክሱም የሚወጣው ከዚያው ምጣድ ነው። ጤፉ የአይዳሆ ነው። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተጭኖ የሚመጣው እንጀራ ደግሞ ገበያቸውን ይሻማቸዋል፤ እሱን የሚመርጥ ደንበኛ ብዙ ነው፣ አልፈርድበትም።

በሙዚቃ ብቻ እዚህ አገር መኖር ከባድ ነው። ኃይሉ መርጊያን አስቡ። አዲስ አበባ ሂልተን ሲጫወት የነበረው የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች፣ በፈረንጆቹ 1981 ከባንዱ ጋር አሜሪካ መጥቶ እዚሁ ቀረ። ዓመታት ሙሉ ታክሲ ነዳ። ዋሽንግተን አጠገብ ያለው ዳለስ ኤርፖርት ተሳፋሪ ሲጠብቅ ኪቦርዱን ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ዓለም እንደገና ያስታወሰው በፈረንጆቹ 2013 የድሮ ካሴቱ እንደ አዲስ ሲታተም ነው። እስከዚያ ድረስ ጣቶቹን ያቆየለት ያ የመኪና ውስጥ ልምምድ ይመስለኛል። ጋሼም እንደዚያው ናቸው።

አንድ ነገር ላሳያችሁ። የሐምሌ ወበቅ ሲመጣ የማሲንቆው ቆዳ ይረግባል፣ ድምፁ ይታፈናል። ጋሼ ምጣዱን አጥፍተው፣ ገና ትኩስ እያለ፣ ማሲንቆውን ከላዩ ከፍ አድርገው ይይዙታል። ትንሽ ያቆዩና ቆዳውን በጣታቸው መታ መታ ያደርጉታል፣ ጆሯቸውን ያስጠጋሉ፣ እንደገና ይመልሱታል። ከዚያ ጭራውን ሙጫ ያስነኩና አንድ ጊዜ ሳብ ሲያደርጉት ቤቱ ዝም ይላል። እኔ ያን ድምፅ ስሰማ ሆዴ ይባባል።

አገር ቤት አዝማሪ የሚለው ቃል ስድብ ሆኖ ነው ያደግነው። ቃሉ ከግዕዙ «ዘመረ» የመጣ፣ ከመዝሙር ጋር አንድ ዘር ያለው ቃል ነው፤ ግን ልጁን «አዝማሪ ትሆናለህ!» ብሎ የማይቆጣ አባት ጥቂት ነበር። እዚህ ጋሼን የሚንቃቸው የለም። ዩኒቨርሲቲ ይጠሯቸዋል፣ ፈረንጅ ተነስቶ ያጨበጭብላቸዋል። ይህን ክብር አገራቸው ላይ ቢያገኙት ምን ነበረበት እያልኩ እናደዳለሁ።

ጭብጨባ ግን አዝማሪን አያኖረውም። አዝማሪ ግጥም ሰጪ ይፈልጋል። አገር ቤት አንዱ ጥግ ላይ ተቀምጦ «ተቀበል!» ይላል፣ ስንኙን ይወረውራል፣ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ይመልሰዋል፣ ወርቁ የገባው ይስቃል ወይም ያለቅሳል፣ ብር ግንባሩ ላይ ይለጥፋል። ጨዋታው የሁለት ሰው ነው። እዚህ ሰጪዎቹ እያረጁ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ታክሲ ነጂ፣ ጃኬቱን እንኳ ሳያወልቅ፣ ከበሩ ላይ እንደቆመ «ተቀበል!» አለ።

ባመት እመጣለሁ ብዬ ለእናቴ፣
ሽበቴ ደረሰ እኔ ሳልደርስ ቤቴ።

ጋሼ የመጀመሪያውን ስንኝ ተቀበሉ። ሁለተኛው ላይ ድምፃቸው ተቆረጠ፤ ማሲንቆው ብቻ ቀጠለ። እናታቸው የተቀበሩት እሳቸው እዚህ ሆነው መሆኑን የምናውቅ አራት ወይም አምስት ሰዎች አንገታችንን ደፋን። አጠገቤ ያሉት እዚሁ የተወለዱ ልጆች ስልካቸውን ከፍ አድርገው ይቀርጹ ነበር። ደስ ብሏቸዋል፣ እስክስታውንም ከእኔ በላይ ያውቁታል። ምን እንደተባለ ግን አልገባቸውም። ጥፋቱ የእነሱ አይደለም። ቤታችን ውስጥ ቋንቋውን ያላወራናቸው እኛ ነን።

ወዲያ ማዶ ደግሞ ነገሩ ተገላብጧል። አዲስ አበባ ግጥም ሰጪው ሞልቷል፣ ቤቱ ነው የሚጠፋው። የአዝማሪ ቤቶች ሰፈር የነበረው ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሲፈርስ ለጋሼ በስልኬ አሳየኋቸው። በወጣትነታቸው እዚያ ተጫውተዋል። ፎቶውን በጣታቸው እያሰፉ መንገዱን ፈለጉ፣ ፈለጉ፣ ከዚያ ስልኩን መልሰው ሰጡኝና ወደ ሊጣቸው ገቡ።

ከዚያ ወዲህ ክፍያ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ ወረቀትና እስክሪብቶ ማስቀመጥ ጀምረዋል። መናገር ያፈረ ጽፎ ይስጥ ብለው ነው። ለብዙ ሳምንት ባዶውን ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ሁለት መስመር ተጽፎበት ተገኘ፣ አማርኛ ነው፣ ፊደሉ ግን የእንግሊዝኛ። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ቢሞክሩ አልሆነላቸውም። ልጃቸውን ከጓዳ ጠሯት። እጇን በሽርጧ ጠረገችና ጮክ ብላ፣ አንድ ቃል ላይ እየተሰናከለች፣ አነበበችላቸው። ግጥሙ ቤት አልመታም።

ጋሼ ግን ማሲንቆውን አንስተው ተቀበሉት።