ውዳሴ ዘኔክስት

ባለፈው ሳምንት፣ ደመወዝ በሚሠራበት ቀን፣ የቢሯችን የሒሳብ ክፍል ኮምፒውተር ኢንተርኔት አልከፍትም አለ። ምክንያቱን ሳልነግራችሁ ታውቁታላችሁ። ሊቁ ነክቶት ነበር።

ሊቁን የማያውቅ አለ? በየመሥሪያ ቤቱ አንድ አለ፤ በየሰፈሩ አንድ አለ፤ በየቤተሰቡ ደግሞ አንድ የአክስት ልጅ አይጠፋም። ችግርህን ተናግረህ ሳትጨርስ እጁን ይዘረጋል። አውራ ጣቱ ከዓይን ይፈጥናል። ኔክስት፣ ኔክስት፣ አይ አግሪ፣ አላው፣ ኔክስት፣ ፊኒሽ። "በቃ፣ አሁን ሁሉም ይከፍታል" ብሎ ይመልስልሃል። እውነቱን ነው። ለሁሉም ይከፍታል።

ይህ ሰው ባለውለታችን ነው። ሐውልት ባይቆምለት እንኳ ምስጋና አይነፈገውም። "ቪፒኤን ጫንበት" የምትለዋ መድኃኒቱ ያልሞከረችው በሽታ የለም። ቪፒኤን ማለት ግንኙነትህን ሌላ ቦታ ባለ ኮምፒውተር፣ በሰርቨር፣ በኩል አዙሮ የሚያወጣ ፕሮግራም ነው። ቪዲዮ ተቆራረጠ? ቪፒኤን ጫንበት። ስልኩ ጋለ? ቪፒኤን ጫንበት። የባንክ አፑ "ከማላውቀው ቦታ ነው የመጣኸው" ብሎ ዘጋብህ? ሌላ ቪፒኤን ጫንበት፤ የመጀመሪያው አልተስማማውም ማለት ነው።

መነሻው እውነተኛ ችግር እንደነበር አልክድም። በሐምሌ 2008 ሾልኮ የወጣው የ12ኛ ክፍል ፈተና እንደገና ሲሰጥ ማኅበራዊ ሚዲያ ተዘጋ። በየካቲት 2015 ደግሞ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተዘግተው እስከ ሐምሌ ቆዩ። ያኔ በየታክሲው ከጤፍ ዋጋ ቀጥሎ የሚወራው የቪፒኤን ስም ነበር። ሰው ዘመዱን፣ ዜናውን፣ ገበያውን ፍለጋ ያገኘውን ቀዳዳ ያዘ። ማንም ይህን አድርጎ አልተሳሳተም። ግራ የሚገባኝ ከዚያ ወዲህ ያለው ነው። በሩ ከተከፈተ ቆየ፤ ሰዉ ግን ዛሬም በመስኮት ነው የሚገባው።

በነገራችን ላይ በሰኔ 2012 መጨረሻ ኢንተርኔት ከነአካቴው በጠፋ ጊዜም ሊቁ ሥራ አልፈታም። መስመር ከሌለ ቪፒኤኑ የሚያልፍበት እንደሌለው የሚነግረው አላገኘም። የሰርቨሩን አገር ከአሜሪካ ወደ ጀርመን፣ ከጀርመን ወደ ሲንጋፖር ሲቀያይር ሰነበተ። "ሲንጋፖር ትንሽ ፍንጭ አሳይታኝ ነበር" ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ወደ ሒሳብ ክፍሉ ልመለስ። ይረዝማል፤ ታገሱኝ።

ነገሩ የተጀመረው በዚያው በ2015 ነው። ሊቁ የቢሮውን ኮምፒውተሮች በሙሉ በአንድ ከሰዓት "ነጻ አወጣቸው"። የፕሮክሲ ፕሮግራም፣ ማለትም ብራውዘሩን ወክሎ ወደ ውጭ የሚወጣ አማላጅ፣ በፍላሽ ይዞ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ዞረ። ከየት አመጣኸው ሲባል "ከቴሌግራም" አለ። ቴሌግራምን የሚከፍተው ፕሮግራም የተገኘው ከቴሌግራም ነው፤ አትጠይቁኝ። አንቲቫይረሱ ጮኸ። "እሱ ዝም ብሎ ነው የሚጮኸው፣ አጥፉት" አለ። አጠፋነው። ፕሮግራሙ ሲገባ ዊንዶውስ ላይ አንዲት ትእዛዝ ጻፈ፤ ማንኛውም ብራውዘር ወደ ውጭ ከመውጣቱ በፊት 127.0.0.1 ጋ፣ ፖርት 8080 በሚባለው በር ላይ ይምጣ የምትል። 127.0.0.1 ባሕር ማዶ ያለ ሰርቨር አይደለም፤ ኮምፒውተሩ ራሱ ነው። ፕሮግራሙ እዚያው ቁጭ ብሎ የመጣውን ይቀበልና በራሱ መንገድ ያሳልፈዋል። እስከዚህ ድረስ ምንም እንከን አይወጣለትም፤ የታወቁትም ፕሮግራሞች ዊንዶውስ ላይ የሚሠሩት እንዲሁ ነው።

ባለፈው ሳምንት የሒሳብ ሠራተኛዋ "ኮምፒውተሬ ከበደኝ" አለች። ሊቁ መጣና "ጽዳት" አደረገ። ጽዳት ማለት የማያውቀውን ፎልደር ሁሉ ማጥፋት ነው። የፕሮክሲው ፕሮግራም በወጉ አንኢንስቶል አልተደረገም፤ ፎልደሩ ተመርጦ ዲሊት ተባለ፤ ሪሳይክል ቢኑም ባዶ ተደረገ። ፕሮግራሙ ሄደ፤ ትእዛዟ ቀረች። ክሮም አሁንም በታማኝነት 127.0.0.1 ጋ ይሄዳል፣ 8080ን ያንኳኳል፣ የሚከፍት የለም። ኮምፒውተሩ ራሱን ይጠይቃል፤ ራሱም መልስ ያጣል። ደግሞ አልደበቀም። "ፕሮክሲ ሰርቨሩ ላይ ችግር አለ" ብሎ ስክሪኑ ላይ ጽፎታል። ማን ያንብበው? ማንበብ የሊቅ ሥራ አይደለም።

ምርመራው ተጀመረ። መጀመሪያ ኬብሉ ተነቅሎ ተሰካ። ቀጥሎ ተነቅሎ፣ እፍ ተብሎበት፣ ተሰካ። ራውተሩ ጠፍቶ በራ። በዚያው ራውተር የተያያዙት ስልኮቻችን በሙሉ ግን እየሠሩ ነበር። ይህን የተናገረችው ጸሐፊዋ "የስልክና የኮምፒውተር ኔት ይለያያል" ተብላ ተመለሰች። ከዚያ ሊቁ ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁሩን መስኮት ከፈተ። ጥቁሩ መስኮት ሲከፈት ቢሮው ጭጭ ይላል፤ ሥራ አስኪያጁ ሳይቀሩ ከወንበራቸው ብድግ ይላሉ። ፒንግ አደረገ፤ ሩቅ ያለን ኮምፒውተር "አለህ?" ብሎ መጠየቅ ነው። መልስ መጣ! ፒንግ በፕሮክሲው በኩል ስለማያልፍ መልስ ማምጣቱ መስመሩ ጤነኛ ነው ማለት ነው። ሊቁ ግን ራሱን ነቀነቀ። "ኔቱ አለ፣ ግን ጉልበት የለውም።"

አዲስ ራውተር ይገዛ ተባለ። ደመወዝ የሚጠብቁ ሰዎች ተሰልፈው የራውተር መግዣ ወረቀት ላይ ሲፈርሙ አየሁ። ራውተሩ መጣ። አንቴናው አራት ነው። መብራቶቹ አምረው ብልጭ ብልጭ አሉ። ኮምፒውተሩ አሁንም 127.0.0.1ን እያንኳኳ ነው።

በመጨረሻ ሊቁ ፊቱን አከበደ። ያንን ፊት ታውቁታላችሁ። "ፎርማት ነው የሚያዋጣው" አለ።

ፎርማት ተደረገ። የደመወዝ ሰንጠረዡ ዴስክቶፕ ላይ ነበር። የሦስት ዓመት የፔቲ ካሽ ፋይል "ኒው ፎልደር 2" የሚባል ቦታ ነበር። ባክአፕስ? ባክአፕ የተባለው ያው ፕሮክሲው የመጣበት ፍላሽ ነው፤ እሱም ዊንዶውስ እንዲጫንበት ቀድሞ ተጠርጎ ነበር። አዲስ ዊንዶውስ ገባ፣ ትእዛዟ ጠፋች፣ ኢንተርኔት ከፈተ። ቢሮው አጨበጨበ። ሥራ አስኪያጁ "ይህ ልጅ ባይኖር ምን ይውጠን ነበር" አሉ። ደመወዝ ለሰኞ ተዛወረ።

መፍትሔው ሴቲንግ፣ ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት፣ ፕሮክሲ ውስጥ ገብቶ "ዩዝ ኤ ፕሮክሲ ሰርቨር" የምትለዋን ማጥፋት ነበር። አንድ ክሊክ። ለአንድ ክሊክ ግን ማን ያጨበጭባል? ራውተርስ በምን ሰበብ ይገዛል?

አዲስ በገባው ዊንዶውስ ላይ፣ ከኦፊስም ከአማርኛ ፊደልም በፊት፣ ሊቁ ምን እንደጫነ ልንገራችሁ? አያስፈልግም።

የዊንዶውሱን ብቻ ሳመሰግን ሌሎቹ እንዳይቀየሙኝ። የማኩ ባለቤት "ማክ ቫይረስ አይነካውም" የሚለው ነው። ማኩ "ይህን ፕሮግራም ማን እንደሠራው አላውቅም፣ አልከፍትም" ሲለው፣ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ "ግድ የለም ክፈት" ይለዋል፤ ፓስወርዱንም ጽፎ ያስገባዋል። የማይነካው ማሽን ላይ በፊርማው የሚያስነካ ሰው ነው።

የሊኑክሱ ግን ክብሩ ይለያል። ጥቁር ቲሸርት ይለብሳል፤ ስለ ዊንዶውስ ሲወራ በአፍንጫው ይስቃል። ውጭ አገር ሰርቨር ተከራይቶ ስኩዊድ ይጭናል። ስኩዊድ ፈረንጆቹ 1990ዎቹ ከሚሉት ዘመን ጀምሮ ያለ የተከበረ ፕሮክሲ ነው። እንደተጫነ ፖርት 3128 ላይ ይቀመጥና ያልተፈቀደለትን ሁሉ ይከለክላል፤ መከልከሉም ትክክል ነው። ልጁ ከቤቱ ሞክሮ እምቢ ሲባል ተናደደ። ራሱን ብቻ መፍቀድ ሲችል፣ ኮንፊግ ፋይሉን ከፍቶ "ዲናይ ኦል" የሚለውን "አላው ኦል" አደረገው። ሠራ! ለእሱም ሠራ፣ ክፍት ፕሮክሲ ሲያስሱ ለሚያድሩ የዓለም አጭበርባሪዎችም ሠራ። ኪራዩ የእሱ፣ አድራሻው የእሱ፣ ወንጀሉ የእነሱ። የአበሻ እንግዳ ተቀባይነት እስከ ሰርቨር መድረሱ ያኮራል።

ስልክ ላይ ደግሞ ምስኪኑ አንድሮይድ ይናገራል። አንድን ቪፒኤን ለመጀመሪያ ጊዜ ስታገናኝ፣ ይህ አፕ የኔትወርክ እንቅስቃሴህን ለመከታተል የሚያስችለው ግንኙነት ሊዘረጋ ነው፣ ምንጩን ካላመንክ አትቀበል ይልሃል። በግልጽ ቋንቋ። አውራ ጣት ግን ማንበብ አይችልም፤ ኦኬን ብቻ ነው የሚያውቀው።

ነጻ ነዋ! በነጻ ነገር ላይ ጥያቄ ማንሳት ነውር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 አውስትራሊያ ያሉ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር 283 የአንድሮይድ ቪፒኤን አፖችን መረመሩ። 38 በመቶው ላይ የማልዌር፣ የጎጂ ፕሮግራም፣ ምልክት አገኙ። 18 በመቶው ጭራሹኑ ምንም አያመሰጥርም ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ደግሞ አንድ በጣም የታወቀ ነጻ ቪፒኤን የተጠቃሚዎቹን መስመር ለሌሎች ደንበኞች መውጫ አድርጎ ሲሸጥ ተገኘ። ይህን ለሊቁ ብትነግረው ትከሻውን ይሰብቃል። "እኔ የምደብቀው ነገር የለኝም።" ስልኩ ላይ ግን ፓተርን አለ፣ የጣት አሻራ አለ፣ ጋለሪው ላይ ሌላ ቁልፍ አለ። የተደበቀው ከሚስቱ ነው፤ ለማያውቀው ሰውዬማ ክፍት ነው።

እዚህ ላይ ሽሙጡን ላቆየው። ኤምሬትስ ያለች እህት በዋትስአፕ መደወል ተዘግቶባት የእናቷን ድምፅ ለመስማት ቪፒኤን ትፈልጋለች። በዚያ አገር ቪፒኤንን ወንጀል ለመፈጸም ወይም ለመሸፈን የተጠቀመ ሰው ከ500,000 ድርሃም የሚጀምር ቅጣት አለበት። ሕጉ እሷን ይንካት አይንካት የሚያስረዳት የለም። አንተ ግን ከማታውቀው ቻናል ያነሳኸውን ኤፒኬ፣ የአንድሮይድ አፕ መጫኛ ፋይል፣ ትልክላታለህ። "አንኖውን ሶርስ ሲልሽ ፍቀጂ፣ ሰርተፊኬት ሲልሽ እሺ በዪ" ትላታለህ። ያ ሰርተፊኬት ምን እንደሚያደርግ ጠይቀህ ታውቃለህ? የቁልፍ ምልክት ያለበትን ገጽ ሳይቀር፣ በብራውዘሯ የምትጽፈውን ፓስወርድ መሐል ላይ የተቀመጠ ሰው ከፍቶ እንዲያነበው መንገድ ይሰጣል። በዚያው ስልክ ነው ደመወዟን የምትልከው። ሰው ቤት ስትጠርግ፣ ስትተኩስ፣ የሰው ልጅ አዝላ ስታድር ያገኘችውን። "ተባረክ ወንድሜ" እንድትልህ ብለህ! አለማወቅ ያለ ነው። ሳያውቁ በሰው እንጀራ ላይ መጫን ግን ሌላ ስም አለው፤ እዚህ አይጻፍም።

ይቅርታ፣ ወደ ውዳሴዬ።

ከሁሉም አብልጬ የማደንቀው እስከ ዛሬ ያላጠፋውን ነው። ቁልፏ ምልክት ከስልኩ አናት ላይ ቀንም ሌትም አትወርድም። አራት ኪሎ ካፌ ተቀምጦ ጥያቄው በአምስተርዳም ዞሮ ይመጣል። ማስታወቂያው ሁሉ በሆላንድ ቋንቋ ነው፤ የብስክሌት ኢንሹራንስ ይቀርብለታል። ጉግል ሮቦት አለመሆኑን እንዲያረጋግጥ በየጊዜው የትራፊክ መብራት ያስመርጠዋል፤ እሱም ይመርጣል። ባትሪው ምሳ ሰዓትን አያልፍም። ፓኬጁም ቶሎ ይሟጠጣል፤ ምስጠራው የራሱን ዳታ ይጨምርበታላ። ከዚያ ማኪያቶውን አስቀምጦ "የዚህ አገር ኔት ግን መቼ ነው ሰው የሚሆነው?" ይላል።

አጠገቡ ያለው ጓደኛው በሐዘኔታ አየው። የቱን ቪፒኤን እንደሚጠቀም ጠየቀው። ነገረው።

"እሱማ ድሮ ቀረ" አለው። "እኔ ጋ ክራክ የተደረገ አለ። ጣሊያን ሳይቀር አለው።"