አንቲቦዲ ሁሌ አፋኝ አይደለም፣ ትንሽ እርማት

ወንድሜ «አንቲቦዲ (ሰውነት ባዕድ ነገርን ለመያዝ የሚሠራው ፕሮቲን) ቀድሞ ደም ውስጥ ካለ አንቲጅኑን (ያንን ባዕድ ነገር) ጠራርጎ ስለሚያጠፋው ሰውነት ሌላ ምላሽ አይሰጥም» ያልከው ግማሹ ልክ ነው፣ ግማሹ ተረት። ልኩ የሾተላይ መርፌ ላይ ነው። እዚሁ ጎንደር አዘዞ አንዲት ጎረቤታችን ደሟ ኔጌቲቭ የልጇ ፖዘቲቭ ሆኖ በ72 ሰዓት ውስጥ ተወጋች፣ መርፌው እኮ ራሱ አንቲቦዲ ነው፣ የልጁ ቀይ የደም ሴል ላይ ሰውነቷ እንዳይነሳ የሚያፍን።

እሱን ይዘህ ለሁሉም ጠቀለልከው። ደም ውስጥ የሚሟሟ ፕሮቲን ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል፣ አይጥ ፕሮቲኑን ለብቻው ስትወጋ ምላሹ ደከም ይላል፣ ፕሮቲኑን ከሚይዘው አይጂጂ (አንድ የአንቲቦዲ ዓይነት) ጋር ስትሰጣት ግን በብዙ እጥፍ ይጨምራል፣ ምክንያቱም ዴንድሪቲክ ሴሎች (አንቲጅን ይዘው ለሌሎች የመከላከያ ሴሎች የሚያሳዩ) የአንቲቦዲውን ጭራ የሚይዝ ተቀባይ ስላላቸው ፕሮቲኑን ጎትተው አስገብተው ቆራርጠው ምላሹን ለሚያነሳሳው ቲ ሴል ያሳዩታል። አይጂኢ የሚባለው አንቲቦዲም (አዎ ያ የአለርጂው) ምላሹን ይጨምራል፣ ሲዲ23 (አይጂኢን የሚይዝ ተቀባይ) ያላቸው ቢ ሴሎች (አንቲቦዲ የሚሠሩት ሴሎች) ፕሮቲኑን ከነአንቲቦዲው ተሸክመው በግማሽ ሰዓት ውስጥ ጣፊያ ያደርሱታል፣ እኔ ይሄን ሳነብ ባጃጅ ነው ትዝ ያለኝ። አይጂኤም የሚባለው ሌላው አንቲቦዲ ደግሞ በኮምፕልመንት (ደም ውስጥ ባሉ አጋዥ የመከላከያ ፕሮቲኖች) በኩል ነው የሚያግዘው። ስለዚህ መጀመሪያ አንቲጅኑ ሴል ነው ወይስ የሚሟሟ ፕሮቲን ብለህ ጠይቅ።