ማስተካከያ፦ በ1934 ፓሪስ ውስጥ ስለተገኘው ራዲዮአክቲቭ ፎስፈረስ

ሰው ሠራሽ ራዲዮአክቲቭነትን (ጨረር የማያመነጭን ነገር ወደ ጨረር አመንጪ መለወጥን) በተመለከተ ቀደም ሲል ባቀረብነው ጽሑፍ፣ በ1934 እ.ኤ.አ. አሉሚኒየምን በአልፋ ቅንጣቶች (በሂሊየም ኒውክለሶች) በመደብደብ ፎስፈረስ-32 እንደተገኘና ግኝቱም የማሪ ኩሪ እንደሆነ ገልጸን ነበር። ሁለቱም ስሕተት ናቸው። ሙከራውን ያካሄዱት የማሪ ኩሪ ልጅ ኢሬንና ባለቤቷ ፍሬዴሪክ ዦሊዮ ሲሆኑ፣ ያገኙትም ፎስፈረስ-30 ነው።

ልዩነቱ የቁጥር፣ ማለትም በኒውክለሱ ውስጥ ያሉት ፕሮቶኖችና ኒውትሮኖች ድምር፣ ብቻ አይደለም። የአሉሚኒየም ኒውክለስ ጨረር አመንጪ ከሆነው ከፖሎኒየም የሚወጣውን የአልፋ ቅንጣት ሲውጥ አንድ ኒውትሮን አስወጥቶ ፎስፈረስ-30 ይሆናል፤ ይህም በሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ ግማሹ ፖዚትሮን (ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው የኤሌክትሮን አቻ) እየለቀቀ ወደ ሲሊከን ይለወጣል። ፎስፈረስ-32 ግን ኤሌክትሮን የሚለቅ፣ ግማሽ ዕድሜውም (ግማሹ የሚለወጥበት ጊዜ) 14 ቀን ያህል የሆነ ሌላ አይሶቶፕ፣ ማለትም በኒውትሮን ብዛት የሚለይ የፎስፈረስ ዓይነት፣ ነው።

አዲሱ ንጥረ ነገር «በሚዛን ተለየ» ማለታችንም መታረም አለበት፤ የተፈጠሩት አቶሞች እጅግ ጥቂት ስለነበሩ በየትኛውም ሚዛን ሊታወቁ አይችሉም ነበር። የተደበደበው ስስ የአሉሚኒየም ቅጠል በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ሲሟሟ፣ ጨረር አመንጪው ነገር አሉሚኒየሙ ባለበት ፈሳሽ ውስጥ አልቀረም፤ ከአሲዱ እየተንፈቀፈቀ ከሚወጣው ሃይድሮጅን ጋር ወደ ቱቦው አለፈ፤ ፎስፈረስ ከሃይድሮጅን ጋር ተዋሕዶ ፎስፊን የተባለ ጋዝ ስለሚሆን ማንነቱ የታወቀው በዚህ ነው። ጨረሩ ሳይከስም ይህን ሁሉ በጥቂት ደቂቃ መጨረስ ግድ ነበር፤ በእኛ እምነት የሙከራው ትልቁ ብልኀት እዚህ ላይ ነው፣ እኛም በመጀመሪያው ጽሑፍ ልንዘለው ባልተገባ ነበር። በ1935 ለኢሬንና ለፍሬዴሪክ የኖቤል ሽልማት የተሰጣቸውም በፊዚክስ ሳይሆን በኬሚስትሪ ነው።