ዘጠኝ ክብ ለአንድ የታክሲ ሒሳብ

ሶሻል ወርከሮቻችን ቲዎሪ አይወዱም ብሎ የሚያማ ካለ የሰሞኑን የኬዝ ውይይት አላየም። ከ20 ስላይድ 16ቱ ቲዎሪ! ባለጉዳይዋ እናት 17ኛው ላይ ብቅ ብለው ወዲያው አለፉ፤ ቦታ ማጣበብ አልፈለጉም።

ቅጹ ላይ «የተጠቀሙት ቲዎሪ» የምትለዋን ሳጥን ታውቋታላችሁ፤ ኬዙ ተዘግቶ፣ ፋይሉ ታስሮ፣ ሱፐርቫይዘር ሊመጣ ሲል የምትሞላዋን። መልሷ እንደ ጠበል ለሁሉም ይረጫል፦ «ኢኮሎጂካል ሲስተምስ»፤ ሰውን ከነዙሪያው እዩት የሚለው ቲዎሪ። ልጁ ከትምህርት ቤት ቀረ? ኢኮሎጂካል። አባወራው መጠጥ አበዛ? ኢኮሎጂካል። ጣራው ካፈሰሰማ ምን ጥያቄ አለው!

ከሁሉ ከሁሉ ግን ኢኮማፕ! አን ሃርትማን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ለሕፃናት ደኅንነት ሠራተኞች ያዘጋጀችው ይህ መሣሪያ ወረቀትና እርሳስ ይበቃዋል። መሐል ላይ ቤተሰቡ፣ ዙሪያውን በየክቡ ሥራ፣ ጤና፣ ዘመድ፤ ወፍራም መስመር ለጠንካራ ግንኙነት፣ ቁርጥርጥ መስመር ለላላው፣ እንደ ባቡር ሐዲድ የተጫረው ለግጭት፤ ቀስቱ ማን ለማን እንደሚሰጥ ያሳያል። የሚሳለው ከባለጉዳዩ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጦ ነው። ኬዙን ያቀረበው ሶሻል ወርከር፣ የኛ ጀግና፣ ግን የባለጉዳይ እጅ እንዳያበላሽበት ብቻውን፣ በኮምፒውተር፣ በአምስት ቀለም ሠራው።

ባለጉዳይዋ በሳምንት ሦስት ቀን ለኩላሊት እጥበት የሚመላለሱ፣ ከሦስቱ አንዱን የሚቀሩ እናት ናቸው። እድራቸው ክብ አገኘ፣ ወፍራም አረንጓዴ መስመር ያለው። እቁባቸው አገኘ። አከራያቸው ሐዲድ ተጫረላቸው። የአከራዩ ውሻ ለጥቂት አመለጠ። የነፍስ አባታቸው ማይክሮ ሲስተም (ሰው ፊት ለፊት የሚገናኘው የቅርብ ዙሪያው) ውስጥ ይግቡ ወይስ ሜሶ በሚለው ላይ ተሰብሳቢዎቹ ሩብ ሰዓት ተከራከሩ፤ «ኧረ ሜሶ የሁለት ማይክሮ ግንኙነት ነው እንጂ የሰው መቀመጫ አይደለም» የሚል አንድ ሰው ጠፋ። ቡና የሚያጣጧቸው ጎረቤት ቢጫ ደረሳቸው። ዘጠኝ ክብ! ፍሬም አስገብቶ ሳሎን የሚሰቀል ሥራ ነው። ከዘጠኙ አንዱም ላይ ታክሲ የሚባል ነገር የለም፤ እናትየው የሚቀሩት ግን መሳፈሪያ ሲያጡ ነው።

ፋይላቸው ላይስ? «ተገልጋይዋ የክህደት ደረጃ ላይ ናት።» የሥነ አእምሮ ሐኪሟ ኩብለር ሮስ እ.ኤ.አ. በ1969 ስለ እነዚያ ከክህደት እስከ መቀበል የሚሄዱ ደረጃዎች የጻፈችው ለሞት የተቃረቡ ሕሙማንን አነጋግራ ነው፤ ኪሳቸው ባዶ ስለሆነ ሰዎች አይደለም።

እዚህ ላይ ሽሙጡ ይቅር። እጥበት የዘለለ ሰው ደሙ ውስጥ ፖታሺየም ይከማቻል፣ የልብ ምቱ ይዛባል፣ ሳንባው ውኃ ይቋጥራል። ይህን እያወቁ «ክህደት» ብሎ ጽፎ ፋይል መዝጋት ነውር ነው! «ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ቤት ውስጥ ስንት ብር ነበር?» ብሎ የጠየቀ የለም። ቲዎሪ ቀጣዩን ጥያቄ ካላመጣ ምን ያደርጋል? ያ አረንጓዴ መስመር ራሱ የእድሩን ዳኛ አነጋግሩ ብሎ ይጮህ ነበር።

ሪድና ኤፕስታይን እ.ኤ.አ. በ1972 ያቀረቡት ታስክ ሴንተርድ (ተግባር ተኮር) የሚባለው አሠራርማ ምስኪን ነው፦ ቢበዛ ሦስት ችግር፣ አስቀድሞ የተቆረጠ ጊዜ፣ ማን ምን እስከ መቼ ይሠራል። «ሶሻል ወርከሩ እስከ ሐሙስ የእድሩን ዳኛ ያነጋግራል፤ ልጃቸው የእጥበቱ ሰዓት ይቀየር እንደሆነ ነርሷን ይጠይቃል።» በቃ። ይህን ማን ስላይድ ላይ ያወጣል? ቀለም እንኳ የለው!

ውይይቱ «ኢኮማፑ ቢሰፋ» በሚል ገንቢ አስተያየት በጭብጨባ ተዘጋ። አሥረኛው ክብ ለቀበሌው ታጭቷል። የእድሩ ዳኛ ስልክ ግን እስካሁን ፋይሉ ላይ የለም።