አዋጅ ሳይነገር የሚዘጋ ኢንተርኔት

የሞባይል ዳታ በጎጃም በተዘጋባቸው ወራት፣ ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ አውቶቡስ ከደጀን ቁልቁል ወርዶ፣ የዓባይን ድልድይ ተሻግሮ፣ ዳገቱን ጨርሶ ጎሐ ጽዮን ሲደርስ የመንገደኛው ሁሉ ስልክ በአንድ ጊዜ መጮህ ይጀምር ነበር። የሳምንታት መልእክት ተከታትሎ ይገባል። በ2016 ዓ.ም. ከነዚህ ጉዞዎች በአንዱ አጠገቤ የተቀመጡ፣ ከደብረ ኤልያስ የመጡ እናት ስልካቸውን አውጥተው «እስቲ ልጄ፣ ይኼን ኢሞ የሚሉትን ክፈትልኝ፤ ወንድሜ ድምፅ ልኮ እንደሆነ» አሉኝ። ወንድማቸው ዓረብ አገር ነው። ከፈትኩላቸው። የተሰማው ድምፅ ግን የወንድማቸው አልነበረም፤ አብሮት የሚኖር ልጅ ነበር። ወንድማቸው ካረፈ አሥራ ሁለት ቀን ሆኖታል።

በእኛ አገር መርዶ እንዲህ አይነገርም። ዘመድና ሽማግሌ ተመካክሮ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ ደጃፍ ደርሶ፣ ሐዘንተኛውን በግራና በቀኝ የሚደግፍ ሰው ተዘጋጅቶ ነው የሚነገረው። እኚያ እናት ግን ከማያውቁት ሰው እጅ፣ በአውቶቡስ ወንበር ላይ ተረዱ። ሾፌሩ መኪናውን ዳር አስይዞ ሴቶቹ እስኪያረጋጓቸው ጠበቀ። ይህን የመሰለ ጉዳት በየትኛውም የጸጥታ ሪፖርት ላይ አይመዘገብም፤ ኢንተርኔት እንዲዘጋ ያዘዘው ሰው ማን እንደሆነም እሳቸው አያውቁም፤ እኔም አላውቅም። ለመጻፍ ያነሣሣኝ ይኸው ነው።

መዝጋቱ አዲስ ነገር አይደለም። ነሐሴ 1 ቀን 2008 ዓ.ም. በባሕር ዳር ሰልፍ የወጡ ወጣቶች በጥይት በወደቁበት ሰሞን ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር፤ በመስከረም 2009 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅም የሞባይል ዳታ ለወራት ጠፋ። ሰኔ 15 ቀን 2011 የአማራ ክልል ርእሰ መስተዳድር ዶክተር አምባቸው መኮንን በባሕር ዳር፣ የጦር ኃይሎች ኢታማዦር ሹሙ ጄኔራል ሰዓረ መኮንን በአዲስ አበባ ሲገደሉ አገር በሙሉ ከኢንተርኔት ተቆረጠ። በዓመቱ፣ በሰኔ 2012፣ አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ሲገደል መቋረጡ ከሦስት ሳምንት በላይ ቆየ። ትግራይ ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ሁለት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በጨለማ ውስጥ ኖረች። ከየካቲት 2015 ጀምሮ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ከአምስት ወር በላይ ታገዱ፤ እገዳው ተነሣ በተባለ በሳምንታት ውስጥ፣ ሐምሌ መጨረሻ ላይ፣ የአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ተዘጋ። ለብሔራዊ ፈተና ተብሎ የተዘጋበትን ሳልቆጥር ነው።

ከመንግሥት በኩል የሚሰጠው ምክንያት ሁልጊዜ ተመሳሳይ ነው፤ የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ ወሬ ሕዝብን ከሕዝብ እንዳያጫርስ ነው ይባላል። ይህን ምክንያት አላቃልለውም። ከውጭ አገር ሆነው ሰው ግደሉ፣ ቤት አቃጥሉ ብለው በቀጥታ ስርጭት የቀሰቀሱ ሰዎች እንደነበሩ ሁላችንም ሰምተናል፤ የተከፈለውንም ዋጋ አይተናል። ነገር ግን ለዚሁ ተብሎ በ2012 ዓ.ም. የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከል አዋጅ ቁጥር 1185 ወጥቷል። አዋጁ የራሱ ብዙ እንከን ቢኖርበትም ቢያንስ አጥፊውን ለይቶ በስሙ ይከስሳል፤ የማኅበራዊ ሚዲያ ድርጅቶችም ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ ጽሑፉን ለማንሣት እንዲጥሩ ይጠይቃል። የአንድ ቀስቃሽን አፍ ለመያዝ የሚሊዮኖችን ጆሮ መድፈን ግን ከዚህ ሁሉ የተለየ ነገር ነው።

ደግሞስ ኢንተርኔት ሲዘጋ ወሬው ይቆማል? በጎጃም ያየሁት ተቃራኒውን ነው። በገበያ ቀን ከአንዱ ወረዳ የመጣው ሰው ሃያ ሞተ ይላል፣ ከሌላው የመጣው ሁለት መቶ ይላል፣ ሦስተኛው አንድም አልሞተም ብሎ ይምላል፤ ከሦስቱ ማንኛው እውነት እንደሆነ የሚያጣራበት መንገድ ግን የለም። ጥር 20 ቀን 2016 በመርዓዊ ከተማ የሆነውን እናስታውስ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ማንነታቸውን ያረጋገጠ ቢያንስ 45 ሲቪሎች በመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች መገደላቸውን የገለጸው ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ የካቲት 5 ቀን ነበር። ከባሕር ዳር በመኪና አንድ ሰዓት እንኳ የማይፈጅ ከተማ ነው መርዓዊ። በነዚያ ሁለት ሳምንታት ዘመድ ያለው ዘመዱ ይኑር ይሙት ሳያውቅ ሰነበተ።

ተቃውሞው ከስልክ ይመነጫል የሚለውን ሐሳብ ደግሞ የጎጃም ታሪክ ራሱ አይቀበለውም። በ1960 ዓ.ም. በግብርና ገቢ ግብር ምክንያት የሞጣ፣ የቢቸናና የዳሞት ገበሬ ሲያምፅ በገጠሩ ሬዲዮ እንኳ ብርቅ ነበር። ገበሬው የተመካከረው በማኅበር፣ በሰንበቴ፣ በለቅሶና በገበያ ነው። መንግሥት ጦርና አውሮፕላን ላከ፤ በመጨረሻ ግን ነገሩ የበረደው የጠቅላይ ግዛቱ አገረ ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከተነሡና ውዝፍ ግብር ከተማረ በኋላ ነበር። የበረደውም ቅሬታው በመሰማቱ ነው። የኢንተርኔት መዘጋት መንግሥትንም ያደነቁራል፤ ከታች የሚሆነውን የሚያውቀው ሪፖርት ከሚያሳምሩ ሹማምንት ብቻ ይሆናል።

የኑሮውን ጉዳት በአጭሩ ልለፈው፤ ሁሉም በየቤቱ ያውቀዋል። ባንክ ገብቶ «ሲስተም የለም» ተብሎ ያልተመለሰ ሰው የለም። በቡሬ በቆሎ የሚሸጥ ገበሬ የአዲስ አበባን ዋጋ ስለማያውቅ ደላላው በነገረው ዋጋ ይሸጣል። መንግሥት ራሱ ማዳበሪያውንም፣ ነዳጁንም፣ ክፍያውንም በቴሌብርና በዲጂታል አሠራር አድርጉ እያለ በሚወተውትበት ዘመን ነው ይህ የሚሆነው።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን ትእዛዙ ባለቤት የሌለው መሆኑ ነው። በድሮው ሥርዓት ንጉሥ አዋጅ ሲያስነግር ገበያ መሐል ነጋሪት ተጎስሞ «አዋጅ! አዋጅ! የደበሎ ቅዳጅ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» ይባል ነበር። አዋጁ የከፋ ሊሆን ይችላል፤ ግን ማን እንዳወጀው፣ ምን እንደተከለከለ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ገበያተኛው ሰምቶ ይመለሳል። ዛሬ ሌሊት ተኝተን ጠዋት ስንነሣ ዳታው የለም። ኢትዮ ቴሌኮም በአብዛኛው የመንግሥት ነው፤ ከመስከረም 2015 ጀምሮ ሁለተኛ ሆኖ የገባው ሳፋሪኮምም ፈቃዱን ያገኘው ከመንግሥት ነው፤ ሁለቱም ማማውን እየለዩ ዳታን አጥፍተው ድምፅን መተው ይችላሉ። ደንበኛው ደውሎ ሲጠይቅ ግን «የቴክኒክ ችግር ነው» ከመባል ያለፈ መልስ አያገኝም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሲታወጅ የአማራ ክልል ሰው ዳታ ካጣ አድሮ ነበር፤ ማለትም መዘጋቱ አዋጁን ቀድሞት መጥቷል።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 ማንኛውም ሰው መረጃ የመሻት፣ የመቀበልና የማስተላለፍ ነፃነት እንዳለው ይደነግጋል፤ ቅድመ ምርመራንም ይከለክላል። መብቱ የሚገደበው በሕግ ብቻ ነው። በአስቸኳይ ጊዜ ሊታገድ እንደሚችል አውቃለሁ፤ አንቀጽ 93 የማይታገዱ ብሎ ከዘረዘራቸው ውስጥ 29 የለም። ነገር ግን ያው አንቀጽ 93 አዋጁ ለሕዝብ እንዲታወጅ፣ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እንዲቀርብ፣ ቀነ ገደብም እንዲኖረው ያዛል። በአስቸኳይ ጊዜ እንኳ መብት የሚታገደው በይፋ ከሆነ፣ በአዘቦት ቀን በስልክ ትእዛዝ የሚዘጋበት ምን ዓይነት የሕግ መሠረት አለ?

ጥያቄው በሌሎች የአፍሪካ አገሮች ፍርድ ቤት ቀርቦ መልስ አግኝቷል። በጥር 2011 በዚምባብዌ የነዳጅ ዋጋ ጭማሪ ያስነሣውን ተቃውሞ ተከትሎ ኢንተርኔት ሲዘጋ፣ ኢኮኔት የተባለው የቴሌኮም ድርጅት እንዲዘጋ የታዘዘው ከመንግሥት በተጻፈ መመሪያ መሆኑን ለደንበኞቹ በግልጽ ነገረ። ትእዛዙ በጽሑፍ ስለነበር ወደ ፍርድ ቤት ሊወሰድ ቻለ፤ የሐራሬው ከፍተኛ ፍርድ ቤትም ሚኒስትሩ ይህን የማዘዝ ሥልጣን የላቸውም ብሎ ኢንተርኔቱ እንዲመለስ ወሰነ። የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ማኅበረሰብ ፍርድ ቤትም በሰኔ 2012 ቶጎ በ2009 መጨረሻና በ2010 መጀመሪያ በተቃውሞ ወቅት ኢንተርኔት መዝጋቷ ሕገ ወጥ እንደነበር ፈረደ፤ ውሳኔው የተሰጠው እኛ ዘንድ አገር በሙሉ በተዘጋበት በዚያው ወር ነው። እኛ ዘንድ ግን አንድ ጠበቃ አቤት ልበል ቢል እንኳ ይሻርልኝ ብሎ የሚያያይዘው ወረቀት የለውም።

ስለዚህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ ኢንተርኔት ወይም አንድ መተግበሪያ እንዲዘጋ የሚሰጥ ማንኛውም ትእዛዝ በጽሑፍ እንዲሆን፣ ያዘዘው ባለሥልጣን ስሙንና ፊርማውን እንዲያኖርበት፣ ምክንያቱ፣ የሚዘጋበት ወረዳና የሚያበቃበት ቀን እንዲጠቀስበት፣ በቀናት ውስጥም በፍርድ ቤት እንዲታይ የሚያስገድድ ድንጋጌ ያውጣ። የቴሌኮም ድርጅቶቹም ትእዛዙ በደረሳቸው ሰዓት ለደንበኞቻቸው በአጭር መልእክት ይንገሩ፤ አጭር መልእክት ያለ ዳታም ይደርሳል። ስልክ ለሌለው ደግሞ ወረቀቱ በየቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ በገበያም ይነበብ።