ጉዳዩ፦ ክቡር ጄኔሬተርን በጡረታ ስለማሰናበት

ለክቡር ጄኔሬተር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፦

ይህ መልእክት በቃል ሳይሆን በደብዳቤ የቀረበልዎ ስለ ክብርዎ ሲባል ብቻ እንዳልሆነ በቅድሚያ እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ። እርስዎ ሥራ ላይ ባሉበት ሰዓት በአጠገብዎ የቆሙ ሁለት ሰዎች አፍና ጆሮ ካላገናኙ በቀር መግባባት ስለማይችሉ፣ አቤቱታን በጽሑፍ ከማቅረብ ሌላ አማራጭ አልተገኘም።

ትውልድዎ ከታላቅ ቤት ነው። ሩዶልፍ ዲዝል አያትዎን በ1897 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በጀርመኗ አውግስበርግ ከተማ ሠርቶ ሲያሳይ፣ በዘመኑ ከነበሩት የእንፋሎት ሞተሮች ይልቅ ጥቂት ነዳጅ ቀምሶ ብዙ የሚሠራ ጨዋ ማሽን ነበር፤ በ1900 በተካሄደው የፓሪስ ዓለም አቀፍ ትርኢት ላይም ከዚሁ ዘር የሆነ አንድ ሞተር በኦቾሎኒ ዘይት ሲሠራ ለሕዝብ ታይቷል። ያንን የአመጋገብ ልማድ ይዘው ቢያድጉ ኖሮ ምናልባት ይህ ደብዳቤ ባላስፈለገ ነበር። (መቼም የታላላቅ ሰዎች የልጅ ልጆች ከአያታቸው ቁም ነገሩን ትተው ጉርምርምታውን መውረሳቸው አዲስ አይደለም።)

የቤተሰብዎ ብዛት ደግሞ ሌላው አስደናቂ ነገር ነው። የዓለም ባንክ ቡድን አባል የሆነው ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ኮርፖሬሽን በ2019 ባወጣው ጥናት፣ በ167 ታዳጊ አገሮች የተተከሉት ወገኖችዎ በድምሩ ከ350 እስከ 500 ጊጋዋት የማመንጨት አቅም እንዳላቸው ገምቷል፤ ይህም ከ700 እስከ 1,000 ከሚደርሱ ትልልቅ የድንጋይ ከሰል ማመንጫዎች ጋር የሚስተካከል ነው። ምክር ቤት ሳይመክርበት፣ የመሠረት ድንጋይ ሳይጣልለት፣ ሪባን ሳይቆረጥለት፣ በየሱቁ ደጃፍና በየሕንጻው ጓሮ አንድ በአንድ እየተጎለቱ ይህን የሚያህል መንግሥት መመሥረት ለማንም የተሰጠ ችሎታ አይደለም። ግብርዎም በጀሪካን ይሰበሰባል፤ ለናፍጣና ለቤንዚን ብቻ በዓመት በአሥር ቢሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ይገባልዎታል።

ከሁሉ ይበልጥ የሚደንቀኝ ግን የሚከተሉት የፍትሕ መርሕ ነው። መብራት ከማይጠፋበት ዋና መስመር ጋር የተገናኘ ትልቅ ፋብሪካ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት የሚከፍለው ዋጋ፣ አንዲት ልብስ ሰፊ ለእርስዎ ከምትከፍለው ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ያለውን ትተው ከሌለው ላይ አብዝተው ይቀበላሉ፤ ከተቀበሉት ነዳጅም ሲሶ ያህሉን፣ ትንሽ ጄኔሬተር ከሆኑም ከዚያ ያነሰውን ብቻ ወደ ኤሌክትሪክ ለውጠው የቀረውን በሙቀትና በጭስ ይበትኑታል። ሁለት አምፖልና አንድ የስፌት መኪና ብቻ ሲጫንብዎትማ ሥራው ከማዕረጌ በታች ነው ያሉ ይመስል ብክነቱን ያብሱታል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2012 የናፍጣ ሞተር ጭስን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡ ነገሮች ተርታ ሲመድበው፣ እርስዎ ለወጉ እንኳ አልተሳሉም። ክፍፍሉ እንደ ቀድሞው ቀጥሏል፦ መብራቱ ለባለቤቱ፣ ጭሱ ለጎረቤቱ።

በጤና ተቋማት የሚሰጡትን አገልግሎት ሳላነሳ ባልፍ ንፉግ እባላለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ከዓለም ባንክና ከሌሎች ተቋማት ጋር በ2023 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ በዝቅተኛና በዝቅተኛ መካከለኛ ገቢ አገሮች ወደ 1 ቢሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ የሚገለገለው ጨርሶ ኤሌክትሪክ በሌላቸው ወይም መብራታቸው በማያስተማምን የጤና ተቋማት ነው። በእነዚህ ቤቶች እርስዎ የመጨረሻው ተስፋ ነዎት፤ ነገር ግን የነዳጁ በጀት ከወሩ ቀድሞ ያልቅና ያን ጊዜ ዝም ይላሉ። ዓመቱን ሙሉ ስንመኘው የኖርነው ዝምታዎ የሚመጣው አዋላጇ ብርሃን በምትሻበትና የክትባቱ ማቀዝቀዣ መሞቅ በሚጀምርበት ሰዓት ነው። ጣሪያው ላይ ሶላር፣ ጓዳው ውስጥ ባትሪ የተተከለለት ጤና ጣቢያ ግን ለፀሐይ መጠየቂያ ቅጽ አይሞላም፤ ለነዳጅ ይወጣ የነበረው ገንዘብም ለመድኃኒት ይተርፋል።

ወዳጆችዎ “ንጹሕ ኃይል የሀብታም ቅንጦት ነው” እያሉ እንደሚከራከሩልዎ እሰማለሁ። ይህ ክርክር በአንድ ወቅት እውነት ነበር። ዓለም አቀፉ የታዳሽ ኃይል ኤጀንሲ እንዳሰላው ግን፣ ከትልልቅ አዳዲስ የፀሐይ ማመንጫዎች የሚገኘው የአንድ ኪሎዋት ሰዓት አማካይ ዋጋ በ2010 ከነበረበት 46 የአሜሪካ ሳንቲም በ2023 ወደ 4.4 ሳንቲም ገደማ ወርዷል። እንግዲህ ተፎካካሪዎ በዚህ ዋጋ ገበያ ወጥታ ሳለ እርስዎ ከደጃፋችን ያልተነሱት ስለምን ነው?

ምስጢርዎ ገብቶኛል፤ የሚኖሩት በናፍጣ ሳይሆን በወለድ ነው። ሶላርና ባትሪ የዓመታት ወጪያቸውን በመጀመሪያው ቀን በአንድ ላይ ይጠይቃሉ፣ ከዚያ በኋላ የሚጠይቁት ጥቂት ነው፤ እርስዎ ግን በርካሽ ይገዙና በየዕለቱ በሊትር ይበላሉ። ልብስ ሰፊዋ የዕለቱን ነዳጅ ከዕለቱ ገቢ ቆንጥራ ትገዛለች፤ የአሥር ዓመት ብርሃን የሚገዛ ብድር ግን የሚሰጣት የለም፣ ቢሰጣትም ወለዱ የፀሐይን ርካሽነት ይበላባታል። በአገሮች ደረጃም ነገሩ ያው ነው። ዓለም አቀፉ የኢነርጂ ኤጀንሲ እንደሚለው አፍሪካ በዓለም ካለው ምርጥ የፀሐይ ሀብት 60 በመቶውን ይዛ፣ በ2022 ከተተከለው የሶላር አቅም የነበራት ድርሻ ግን 1 በመቶ ገደማ ነበር፤ ለንጹሕ ኃይል የምትበደረው ገንዘብም ሀብታሞቹ አገሮች ከሚበደሩት ሁለትና ሦስት እጥፍ ውድ ነው። ፀሐይዋ ፊት አይታ አታዳላም፤ አበዳሪው ግን ያዳላል፤ የእርስዎም ወንበር የቆመው በዚህ አድልዎ ላይ ነው። በ2023 ለአየር ንብረት ጉባኤ በዱባይ የተሰበሰቡት መንግሥታት ከቅሪተ አካል ነዳጅ የሚደረገው ሽግግር “ፍትሐዊ፣ ሥርዓት ያለውና ሚዛናዊ” እንዲሆን መስማማታቸውን ሰምተው ደንግጠው ከሆነ ይረጋጉ፤ ቃሉ በአውሮፕላን ቀድሞ ደርሷል፣ ገንዘቡ በእግሩ እየመጣ ነው።

ጡረታዎ ሲፈጸም የሥራ ነገር መነሣቱ አይቀርም። በታዳሽ ኃይል ዘርፍ የተሰማራው ሠራተኛ በ2023 በዓለም ዙሪያ 16.2 ሚሊዮን ደርሶ ነበር፤ ሆኖም ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው በቻይና ብቻ ነበር፤ ሥራው በራሱ ፈቃድ ወደየመንደሩ እንደማይበተን ከዚህ መረዳት ይቻላል። ስለዚህ ጡረታ የምለው ለእርስዎ አበል እንዲቆረጥልዎ አይደለም። አበሉ የሚገባው እርስዎን ሲጠግን እጁ በዘይት የጠቆረው መካኒክ፣ ለዘመድዎ ለከሰል ማመንጫው ጉድጓድ ውስጥ ዕድሜውን የጨረሰው ማዕድን ቆፋሪ ነው። የስፔን መንግሥት በ2018 የከሰል ማዕድናትን ሲዘጋ ከሠራተኛ ማኅበራት ጋር ተደራድሮ ለዕድሜ ጠገቦቹ ቀደም ያለ ጡረታ፣ ለወጣቶቹ የሙያ ሥልጠና ለመስጠት ተስማምቷል፤ ለመካኒኩም ቢሆን ገመድና ቮልቴጅ የሚያውቅ እጁ የሶላሩን ኃይል ለቤት ዕቃ ወደሚስማማ ኤሌክትሪክ ለሚቀይረው ኢንቨርተር የሚያንስ አይደለም፣ ሥልጠናው በማን ወጪ እንደሚሰጥ ይወሰን እንጂ። በሌላ በኩል፣ ለባትሪ የሚሆነውን ኮባልት ከኮንጎ ዴሞክራቲክ ሪፐብሊክ ጉድጓድ የሚያወጣው ሰው ጤናውንም ደሞዙንም ካጣ፣ ጭስዎን ከጎረቤት ወደ ሩቅ አገር አዛወርነው እንጂ አላጠፋነውም።

በመሆኑም ከላይ በተዘረዘሩት ምክንያቶች የመሰናበቻዎ ዝግጅት እንዲጀመር ተወስኗል። ተተኪዎ በየደጃፉ እስኪተከል ድረስ በሥራ ላይ እንደሚቆዩ፣ ከዚያም በኋላ በትልልቅ ሆስፒታሎች በተጠባባቂነት ጥቂት ወንበር እንደሚጠበቅልዎ እየገለጽኩ፣ እስከዚያው ቢያንስ ከመኝታ ቤት መስኮት በታች ባይጎለቱ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለጎረቤት ሳንባ (እንዲያውቀው)
ለነዳጅ ጀሪካን (ንብረት ለማስረከብ)
ለአበዳሪ ባንኮች ወለድ ተማኝ ክፍል (በ2015 በፓሪስ የአየር ንብረት ስምምነት መግቢያ ላይ ስለ ፍትሐዊ ሽግግር የተጻፈው ከተነበበ በኋላ፣ ለአፈጻጸም)