በኮሮና ጊዜ በግል የሚሮጡ ልጆች

ኮሮና ስፖርተኛውን ሁሉ እኩል መታው ሲባል እሰማለሁ። አልስማማም። የምኖረው ጀርመን ነው። ዘመዶቼ ያሉት ደግሞ ሱሉልታ፣ ከእንጦጦ ጀርባ። ውድድር ሲቆም ማን ተደግፎ እንደቆየና ማን እንደወደቀ በሁለቱም ቦታ አይቻለሁ።

ጀርመን ውስጥ ትልቁ የእግር ኳስ ሊግ ቡንደስሊጋው መጋቢት 2012 ቆሞ ግንቦት 8 ተመለሰ። ሁለት ወር ብቻ ነው። ስታዲየሙ ባዶ ነበር፣ የቴሌቪዥኑ ገንዘብ ግን እንዲቀር አልተፈለገም። የተጎዳው የሰፈር ስፖርት ነው። ጥቅምት 2013 ላይ እንደገና ሲዘጋ የሰፈር ቡድኖች ልምምድ የብርዱን ወራት ሁሉ ቆሞ ከረመ ማለት ይቻላል።

ክለቦቹ ግን አብዛኞቹ ተረፉ። ጀርመን ውስጥ ያኔ ወደ 90,000 የሚጠጉ የስፖርት ማኅበራት ነበሩ፤ አባልነቱ ሲደመር 27 ሚሊዮን ገደማ ይሆን ነበር። እኛ ለእድር እንደምናዋጣው እነሱም ለሰፈራቸው ክለብ ያዋጣሉ። አዲስ የሚመዘገብ ሕፃን ቢቀንስም አብዛኛው ነባር አባል ልምምድ በሌለበት ወር እንኳ መዋጮውን አላቋረጠም። ክለቡ ደሞዝተኛ ሠራተኛ ካለው፣ ሥራ ሲቀዘቅዝ ከደሞዙ ከፊሉን መንግሥት ይሸፍናል።

ወደ አገራችን ልምጣ። የመጀመሪያው ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነው። ከቀናት በኋላ ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ስፖርታዊ ውድድርም ታገደ። ፕሪሚየር ሊጉ ያለ ሻምፒዮንና ያለ ወራጅ ተሰርዞ ታኅሣሥ 2013 ተመለሰ። ክለቦቹ በተመረጡ ከተሞች ተሰባስበው ሲጫወቱ ጨዋታው በዲኤስቲቪ በቀጥታ መታየት ጀመረ። እግር ኳሱ ከዚያ መከራ ቢያንስ ይህን አትርፏል።

እኔን የሚያሳስበኝ ሩጫው ነው። በሱሉልታ፣ በሰንዳፋና በሰበታ መንገዶች ገና ሳይነጋ የሚሮጡት ወጣቶች ብዙዎቹ ከአርሲ፣ ከሰላሌ፣ ከጎጃም የመጡ ናቸው። ሁለት ሦስት ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ፣ አብረው ያበስላሉ። እንደ መቻል (ያኔ መከላከያ)፣ ንግድ ባንክና ኢትዮ ኤሌክትሪክ ያሉ ክለቦች አትሌት ይቀጥራሉ። ክለብ የገባ ልጅ የሚጠብቀው የወር ደሞዝ አለው። በግል የሚሮጠው ግን ማናጀር ውጭ ውድድር እስኪያገኝለት ነው የሚጠብቀው። ማራቶን የሚሮጥ ሰው ደግሞ በዓመት ሁለቴ ቢሮጥ ነው። ሁለቱ ከቀሩ የዓመት ገቢው ቀረ ማለት ነው።

በዚያ ዓመት ቀሩ። ቦስተን፣ በርሊን፣ ቺካጎ፣ ኒው ዮርክ ሁሉም ተሰረዙ። ትናንሾቹ የአውሮፓና የቻይና ውድድሮችም ተከተሉ። የለንደን ማራቶን መስከረም 24 ቀን 2013 ተካሄደ፤ የተጠሩት ግን ምርጦቹ ብቻ ነበሩ። የኛው ሹራ ቂጣታ በዝናብ ሮጦ በ2:05:41 አሸነፈ። የያኔው የማራቶን የዓለም ሪከርድ ባለቤት፣ ኬንያዊው ኪፕቾጌ፣ ስምንተኛ ወጣ። ቤቴ ሆኜ እያየሁ በደስታ ጮህኩ። ያ በር ግን ለጥቂቶች ነበር የተከፈተው። ታላቁ ሩጫም ከኅዳር ወደ ጥር 2 ተዛውሮ፣ የተሳታፊው ቁጥር ተቀንሶ ነው የተካሄደው።

አገር ቤትም ችግሩ ተደራረበ። በቡድን መለማመድ ተከለከለ። ታክሲ በግማሽ ሰው እየጫነ ታሪፉ እጥፍ ሆነ፤ ለልምምድ ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው የሚሄድ ልጅ ይህን ከየት ያምጣ? የቤት ኪራይ ደግሞ አይቆምም።

ያኔ ሱሉልታ የነበረ አንድ ወጣት ያለኝን አልረሳውም፦ «ጋሼ፣ ኮሮና እግሬን አልያዘኝም። የያዘብኝ ቪዛዬን ነው።» ለአንድ አነስተኛ የአውሮፓ ማራቶን ተዘጋጅቶ ነበር። ውድድሩ ሲሰረዝ ግንባታ ላይ ቀን ሥራ ገባ። ቀኑን ሙሉ ብሎኬት ተሸክሞ ሌሊት መነሳት አልቻለም። ውድድሩ ሲመለስ ማናጀሩ ሌሎች ፈጣን ልጆች አግኝቶ ነበር። አሁን ሌላ ሥራ ላይ ነው።

ችሎታው አላነሰውም። የለፋውም ጀርመን ካለው የሰፈር ሯጭ እጅግ ይበልጣል። ከኋላው ቆሞ የሚይዘው ግን አልነበረም። ስለ ቶኪዮ ኦሎምፒኩ የሰለሞን ባረጋ ወርቅ ስናወራ እነዚህን ልጆች መርሳት የለብንም። ፈጣኖቹ ፈጣን የሚሆኑት እነሱ አብረዋቸው እየሮጡ ነው፤ ብቻውን ሮጦ ሪከርድ የሰበረ ማን አለ?

ስለዚህ አገር ውስጥ የሚከፍል ውድድር ይብዛ እላለሁ። ሱሉልታ፣ ሰንዳፋ፣ ሰበታ በየተራ የ10 ወይም የ15 ኪሎ ሜትር የጎዳና ውድድር ቢያዘጋጁ፣ ሽልማቱም እስከ ሃያኛ ደረጃ ቢወርድ ቢያንስ ኪራይ ይከፍላል። ውጭ ያለን ሰዎችም ሯጭ ሲያሸንፍ ባንዲራ ይዘን ከመውጣት አልፈን በየወሩ ጥቂት ማዋጣት እንችላለን። እኔ በምኖርበት ሰፈር ላለው የጀርመን ክለብ ለዓመታት ከፍያለሁ። ለሱሉልታ ልጆች እንዲህ ያለ ማኅበር የሚያቋቁም ካለ በመጀመሪያው ወር እመዘገባለሁ።